ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ሽምብራ

ሰው የሚወደው ዜማ ይኖረዋል፤ የሚወደው ጻድቅ ይኖረዋል። እኔ የምወደው ቁጥር አለኝ። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ነው። ልጆቼ ይስቁብኛል። የልጅ ልጆቼ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አያቴ፣ ያንን ቁጥርሽን ንገሪያቸው» እያሉ ያስቸግሩኛል። እኔም አላሳፍራቸውም፤ እነግራለሁ። በአፍ ስነግረው ግን ሁሉም የፈለገውን ቆርጦ ይወስዳል። ስለዚህ ይኸው፣ ሳይቆረጥ እንዲቀመጥ ጻፍኩት።

ቁጥሩ የመጣው በታላቅ እኅቴ ጋብቻ ምክንያት ነው። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። አባታችን ሞቶ እናታችን ጥጥ እየፈተለች ጎንደር ከተማ ውስጥ ታሳድገናለች። እኔ አዲስ በተከፈተው ትምህርት ቤት ገብቼ አራተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ከዚያ «ይበቃታል» ተብዬ ቀረሁ። እንደበቃኝ የወሰነው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

እኅቴ ትምህርት ቤት አልገባችም። እሷ የምትመላለሰው ፒያሳ፣ የስፌት መኪናውን ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግቶ ወደሚሠራ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነበር። የቀሚሷ ጠርዝ በዚያ ክረምት እንደተቀደደው በሕይወቷ ተቀዶ አያውቅም። አንዱን ሰፍቶ ሲመልስላት ሌላው ይቀደዳል። መስከረም ሲጠባ ሰውዬው የክሩ ወጪ ሳያሳስበው አልቀረም፤ ሽማግሌ ላከ።

እናታችን ደስ ብሏት ነበር። ችግሩ የልብስ ሰፊው እናት ነበረች። ቆላ ድባ የምትኖር፣ መሬት ያላት፣ እኩል የሚያርስላትም ሲሶ የሚያርስላትም ጭሰኛ ያላት ባልቴት ናት። በዚያን ጊዜ ፊቷ ቆሜ አንቱ እላት ነበር፤ አሁን በዕድሜ ስለበለጥኳት አንቺ ብላት አትቀየመኝም። እህል በጫነ ማኪና ላይ ተሳፍራ፣ አንድ ጆንያ ሽምብራ ለእናቴ እጅ መንሻ ይዛ መጣች። ገብታ እንደተቀመጠች ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮከባቸው ይቆጠር አለች። ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነው። ዘር ካላየች መሬቱን የባሏ ወንድሞች ይወስዱታል። ስለዚህ ያልተቆጠረች ሴት ቤቷ አትገባም።

ኮከብ ሲቆጠር ላላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። የሙሽራው ስም፣ የእናቱ ስም፣ የሙሽሪት ስም፣ የእናቷ ስም ፊደል በፊደል ይደመራል። ከዚያ ድምሩ በዘጠኝ ይገደፋል፤ ይኸውም ዘጠኝ ዘጠኝ እያነሡ መጣል ነው። መጨረሻ ላይ የተረፈው ቁጥር ስለ ትዳሩ ይናገራል። አንድ ቢተርፍ እንዲህ ይሆናል፣ ሁለት ቢተርፍ እንዲያ ይሆናል እየተባለ እስከ ስምንት ይሄዳል።

ሽማግሌዎቹ ባሉበት የሰፈራችን ደብተራ ተጠሩ። ሁላችንም መሪጌታ ነበር የምንላቸው፤ ቀጭን፣ ዓይናቸው ከአፋቸው በፊት የሚስቅ፣ ጭራቸውን ዝንብ ባይኖርም የሚያወዛውዙ ሰው ነበሩ። ስሞቹን ጠየቁ፤ በቁራጭ ብራና ላይ ጫሩ፤ ደመሩ፤ ድምሩን በግዕዝ አኃዝ ጽፈው አሳዩን። ፳፭፻፳ ይላል። ከዚያ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ገደፉት። ሲጨርሱ ጭራው ቆመ።

«ምንም አልተረፈም» አሉ።

«ምንም ማለት?» አለች የልብስ ሰፊው እናት።

«ምንም ማለት ምንም ነው እንግዲህ፣ እሜቴ። ባዶ ቤት።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ልጄን ባዶ ቤት አላስገባም አለች። ሽምብራውን ውሰጅ ብትባል የሰጠሁትን አልመልስም ብላ ትታው ወጣች። ወደ ቆላ ድባ የሚመለስ ማኪና እስክታገኝ እዚያው ጎንደር ወንድሟ ቤት ልትሰነብት ሄደች። እኅቴ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም። ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠችና እህል አልቀምስም አለች፤ ብንለምናትም አልሰማችንም።

እኔ ተናደድኩ። መጀመሪያ የተናደድኩት መሪጌታ ላይ ነበር፤ ሲገድፉ ተሳስተው ይሆናል ብዬ ከሰል አነሣሁና ከቤታችን ግድግዳ ላይ በዘጠኝ አካፈልኩት። ሁለት መቶ ሰማንያ ደረሰ፤ የተረፈ የለም። አልተሳሳቱም። ያን ጊዜ ንዴቴ ወደ ቁጥሩ ዞረ። በስምንት ሞከርኩት፤ ሦስት መቶ ዐሥራ አምስት፣ ምንም ሳይተርፍ። በሰባት ሞከርኩት። ሰባት ክፉ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳለን ልጆቹን ሁሉ የሚያስለቅሰን ሰባት ነበር፣ ከእሱ ጋር የሚስማማ ቁጥር ጥቂት ነው። ይህኛው ግን ሦስት መቶ ስድሳ ብሎ ልክክ አለለት። በስድስት፣ በአምስት፣ በአራት፣ በሦስት፣ በሁለት፣ በዐሥርም አካፈልኩት። አንድም ጊዜ አልተረፈም። እናቴ ግድግዳዬን አጠቆርሽው ብላ እስክትጮህብኝ ድረስ ዞሬ ዞሬ አካፈልኩት።

መጀመሪያ ነገሩ የባሰበት መስሎኝ ነበር። መሪጌታ አንድ ባዶ አገኙ፤ እኔ ዘጠኝ ባዶ አገኘሁ። ተቀምጬ ሳየው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። በሰፈራችን የሚካፈል ነገር ሁሉ ጠብ አያጣም። ለፋሲካ በሬ ታርዶ ቅርጫ ሲደለደል ጉበቱ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጎድልበታል፤ እስከሚቀጥለው ፋሲካ የማይነጋገሩ ጎረቤቶች ነበሩን። ጠቡ የሚመጣው ከተረፈው ነው። ይህ ቁጥር ግን ሁለት ቢመጡ፣ ሰባት ቢመጡ፣ ዐሥር ቢመጡ ሁሉንም እኩል አድርጎ ይሸኛል። ማንንም አያስከፋም። ታዲያ ይህ ምኑ ባዶ ነው? እኔ እንዲያውም በዓለም ላይ ያየሁት ትክክለኛ ነገር ይህ ቁጥር ብቻ መሰለኝ። በኋላ ዘመን ሥራ በፈታሁ ቁጥር ከእሱ ያነሰ እንዲህ ያለ ቁጥር ፈልጌያለሁ፤ የለም።

እናቴ በበኩሏ አጭር መንገድ አገኘች። መሪጌታን ብንለምናቸው በእኔ በእናቷ ስም ቁጥር ላይ አንድ ቢጨምሩ ምን ይጎዳቸዋል አለች። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንድ ይሆናል፤ በዘጠኝ ሲገደፍ አንድ ይተርፋል፤ አንድ ደግሞ ለትዳር ሸጋ ነው ይባላል። እውነቷን ነው፣ በዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ያንንም በከሰል ሞከርኩት። ለማንም ቢሰጡት የማይካፈል ግትር ቁጥር ነው፤ ከሁለት እስከ ዐሥር ያለውን ሁሉ አንድ እያስተረፈ መለሰብኝ። ከብዙ ዘመን በኋላ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጽሐፏ ላይ ስሙን ነገረችኝ፤ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል አለችኝ። እኔስ ያን ቀን ጠባዩን አይቼ ስሙን ልገምት ምንም አልቀረኝም ነበር። አንድ ቀንሰን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ዘጠኝ ብናደርገው ደግሞ የባሰ ነው፤ ለሁለትም ቢካፈል ለዐሥርም ቢካፈል ሁልጊዜ አንድ ይጎድለዋል።

ለእናቴ አይሆንም አልኳት። ተንኮል እወዳለሁ፤ ማጭበርበር ግን ሌላ ነው። ስም ላይ አንድ መጨመር ሚዛን ላይ ጣት ማሳረፍ ነው። እናቴ አንቺ ዳኛ መሆን ነበረብሽ ብላ ተራግማ ተወችኝ።

በማግስቱ መሪጌታ ቤት ሄድኩ። ከደጃፋቸው ተቀምጠው ብራና እየፋቁ ነበር። እጅ ነሥቼ ቆምኩና ዘንድሮ ዘመነ ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ዘመነ ዮሐንስ ነዋ። በዕንቁጣጣሽ ቤተ ክርስቲያን አልነበርሽም?» አሉ።

እንዴት እንደሚታወቅ ጠየቅኳቸው። ማስተማር ይወዳሉ፤ ፍቀታቸውን አቆሙ። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ያለው ዓመት በአራት ይገደፋል አሉኝ። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ ነው።

«ምንም ባይተርፍስ?»

«ምንም ባይተርፍማ ዮሐ...» አሉና አፋቸው ላይ ቀረ።

«ምነው መሪጌታ? ዮሐንስ ባዶ ነው እንዴ? ዘንድሮ እህል አልበቀለም? ሰው አልወለደም?»

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁ ወደ ላይ ሲደርስ መፋቂያቸውን ጥለው ነበር። ስንተኛ ክፍል ነሽ አሉኝ። አራተኛ ጨርሼ ቀረሁ ስላቸው አምስተኛ ያላስገቡሽ ፈርተው ነው አሉ። ግን በአንድ ነገር አልተንቀሳቀሱም። በሽማግሌ ፊት ያልኩትን ቃል አላጥፍም አሉኝ። ሴትዮዋን ራስሽ ከመለስሻት መጥቼ እቀመጣለሁ፣ በነገርሽም አልገባም አሉ። ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ከዐሥር አትለፊ።»

ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከዐሥር በላይ አልሞከርኩትም ነበር፤ ጣቶቼም እዚያው ነው የሚያልቁት።

ሴትዮዋን ለማምጣት ያደረግኩትን እናቴ በሰማች ጊዜ ልትመታኝ ነበር። በጎረቤት በኩል መልእክት ላክሁባት፤ ጋብቻው ከቀረ ሽምብራዎን አንበላም፣ ግን ሌባ እንዳንባል በሽማግሌ ፊት ተቆጥሮ ይመለስልን አልኩ። የሰጠችውን እህል የማትመልስ ሴት እህሌን ናቁት ሲሏት ቤት ውስጥ እንደማትቀመጥ አውቄያለሁ። ከሰዓት በኋላ ታላቅ ወንድሟንና ሁለት ሽማግሌዎች አስከትላ ከች አለች። መሪጌታም መጡ፤ እንደማያውቅ ሰው ጥግ ያዙ። ግቢው ውስጥ እነሱ አምስት፣ እናቴና እኔ፣ ሰባት ሆንን።

ቁርበት አነጠፍኩና ከጆንያው ላይ ዘረገፍኩ። ከዚያ ለሴትዮዋ አንድ ነገር ለመንኳት፤ ከመውሰድዎ በፊት መሪጌታ ባዶ ያሉትን ቁጥር በዓይንዎ ይዩት አልኳት። ተቆጣች። ወንድሟ ግን ይታይ አሉ፤ ሥራም አልነበራቸውም። ሴትዮዋ የሰው ቁጥር አላምንም ብላ ራሷ ተንበርክካ ቆጠረች። ዐሥር ዐሥር እያደረገች ከመረች፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ክምር ሲሞላ አቆመችና የቀረውን ወደ ጆንያው መለሰች። ከፊቷ ላይ ላብ እየጠረገች ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ፣ እና ምን ይሁን አለች።

«እኩል አራሽዎ ቢመጣ ይከፈላል?» አልኳት።

ለሁለት ዓይኗ ወዲያው ከፈለው። የሲሶውስ ስላት ለሦስትም በዓይኗ ከፈለችው፤ እህል ስትካፈል የኖረች ሴት ናት፣ ከሰል አያስፈልጋትም።

«ለሰባትስ?»

«ለሰባት አይሆንም» አለች ቶሎ ብላ። «ለሰባት የሚሆን ነገር የለም። የአባቴን መሬት ለሰባት ተካፍለን ይኸው እስከ ዛሬ ዳኛ ፊት እንቆማለን።»

ሰባታችን ተካፈልን። ለእያንዳንዳችን ሠላሳ ስድስት ክምር ደረሰን። ቁርበቱ ባዶ ሆነ። ሴትዮዋ የሁሉንም ድርሻ ዞራ ቆጠረች፤ የእኔን ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። ወንድሟ ከሰባቱ ወራሾች አንዱ ናቸው፤ ድርሻቸውን አየት አደረጉና «ምነው አባታችን ሽምብራ ባወረሱን ኖሮ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሷ «አያ፣ አንተ ደግሞ ዝም በል» አለቻቸው፤ ግን ድምጿ ላላ ብሎ ነበር።

በአጥር የሚያዩ ሁለት ጎረቤቶች ነበሩን። አንዷ ገባች፤ ለስምንት ተካፈልን። ሁለተኛዋም ገባች፤ ለዘጠኝ ሃያ ስምንት ሃያ ስምንት ክምር ደረሰን። ከዚያ እናቴ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል የምትዳረው ልጅ ብቻ ጓዳ ተቀምጣ ትቅር እንዴ ብላ እኅቴን ጠራቻት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጥታ ዳር ተቀመጠች። ለዐሥር ሃያ አምስት ሃያ አምስት ክምር ወሰድንና የቀሩትን ሁለት ክምር በትነን ሁለት ሁለት ፍሬ ጨመርን። አንድም ፍሬ መሬት ላይ አልቀረም፤ አንድም ሰው አላጉረመረመም። በሕይወቴ ዐሥር ጎንደሬ ተካፍሎ ሳይጣላ ሲቀር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ባዶ የተባለው ይህ ነው» አልኩ። «ባዶ አይደለም፤ ሁሉን አብቅቶ ነው።»

ሴትዮዋ የወንድሟን ፊት አየች፣ የእኅቴን አየች፣ ሽምብራውን አየች። ልቧ ሊመለስ ትንሽ እንደቀረው አውቄያለሁ። ግን ጭሰኛ ስታስተዳድር የኖረች ሴት በሰው ሚዛን እንዲህ በቀላሉ አትሸነፍም።

«ዐሥራ አንድ ብንሆንስ?» አለች።

የመሪጌታ ጭራ ቆመ። እኔ ዐሥር ነን አልኩ።

«ዐሥራ አንድ ነን። ልጄ ከአጥሩ ጀርባ ቆሟል። ከመጣሁ ጀምሮ ጫማው ይታየኛል።»

ልብስ ሰፊው ገባ። የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ነው ከፒያሳ የሮጠው። እናቱን ቀና ብሎ አላየም፤ እኅቴንም አላየም፤ እናቱ ወዳሳየችው ቦታ ሄዶ ቁጭ አለ። እኔ ትክክል ይሁን ያልኩ ሰው እንግዲህ እሱን አትቁጠሩት ልል አልችልም። ሁሉንም መለስንና እንደገና ጀመርን። ሃያ ሁለት ሃያ ሁለት ክምር ደረሰን፤ ዐሥር ክምር ቀረ። በተንነው። ዘጠኝ ዘጠኝ ፍሬ ወሰድን።

ቁርበቱ መሃል አንዲት ሽምብራ ቀረች።

ሴትዮዋ በሁለት ጣቷ አነሣቻትና ወደ እኔ ዘረጋቻት። «ይኸው ትክክልሽ» አለችኝ። «እስኪ ይህችን ለዐሥራ አንድ ክፈያት።»

 እናቴ ደስ ሳይላት አይቀርም፤ አፌ ተዘግቶ ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። መሪጌታም ከዐሥር አትለፊ አላልኩሽም የሚል ዓይን ወረወሩብኝ። ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ ሜትሩን ይጠቀልላል፣ ይፈታል። ሽማግሌዎቹ ለመነሣት በትራቸውን ያዙ።

ያን ጊዜ እኅቴ ከተቀመጠችበት፣ ነጠላዋን ሳታነሣ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«እሜቴ፣ ምንም አይተርፍም ተብሎ አልነበር የተከለከልኩት?»

ለጊዜው ማንም አልገባውም። ቀድመው የገባቸው የሴትዮዋ ወንድም ናቸው፤ ጭናቸውን መቱ። «ተረፈ እኮ! እሱ ሲገባ ተረፈ» አሉ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በነገሩ አልገባም ያሉት ሰውዬ፣ «እውነት ነው፣ እኔ የገደፍኩት ሙሽራው በሌለበት ነው። ሙሽራው ሲኖር አንድ ይተርፋል። አንድ ደግሞ መቼም ሸጋ ነው» አሉ፤ ጭራቸውም እንደገና መወዛወዝ ጀመረ። ያለፈ ቃላቸውን አላጠፉም፤ አዲስ ቃል ጨመሩበት እንጂ። ይህ ማጭበርበር ነው አይደለም ብዬ እስከ ዛሬ ድረስ አስቤበት አልቆረጥኩም።

የልብስ ሰፊው እናት ሽምብራዋን በጣቷ መሃል አገላበጠች። ላለመሳቅ ስትታገል ከንፈሯ ወደ አንድ ወገን ሄደ። እኅቴን፣ «እኔ ዲዳ መስለሽኝ ነበር። ይብላኝ ለልጄ» አለቻት። ከዚያ ሽምብራዋን ወደ አፏ ጣለችና ቀርጠም አደረገቻት። ጥሬ ሽምብራ ናት፤ ድምፁ አጥር ድረስ ተሰማ።

«ቀኑን ቁረጡ» አለች ለሽማግሌዎቹ።

ጎረቤቶቹ እልል አሉ። እናቴ አለቀሰች። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ጣለ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም። ያቺ ሽምብራ የዐሥራ አንዳችንም ነበረች፤ ሴትዮዋ ማንንም ሳትጠይቅ ብቻዋን በላቻት። ይህን በሠርጉም ቀን በመሃላቸው ቆሜ ነግሬያታለሁ።